የጣራ ሶላር በአዲስ አበባ፦ ለሱቁ አራት ኮከብ፣ ለገጠማው ሁለት

ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። የሰፈር ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ግን ቤት ያው ይጨልማል፤ ከውጭ ለእረፍት የሚመጣ ሰው ለወላጆቹ ሶላር ማስገጠም የያዘው ለዚህ ነው።

የተገዛው አራት ባለ 550 ዋት ፓነል፣ ባለ 48 ቮልት 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ቤት ወደሚጠቀምበት መብራት የሚቀይር) እና 5.12 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ ነው። ሱቁ እንደታሸገ በቀኑ አደረሰ፤ ፓነሉ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍም ከደረሰኙ ጋር ገጥሟል። ጣጣው የመጣው ከገጣሚው ነው።

ፓነሎቹን ሁለት ሁለቱን በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትሎ፣ ቮልቴጁ እንዲደመር)፣ ጥንዶቹን በፓራለል (ጎን ለጎን፣ ቮልቴጁ ሳይደመር) አሰራቸው። የአንዱ የሥራ ቮልቴጅ 42 ገደማ ስለሆነ ጥንዱ 84 ብቻ ይሰጣል። ይህ ኢንቨርተር ደግሞ ከ120 ቮልት በታች ከፓነል ምንም አይቀበልም። ፀሐዩ አናት እየበሳ ስክሪኑ ዜሮ ዋት! አራቱም በአንድ ሲሪስ ሲቀጠሉ 168 ይሆናል፤ ጭነት ሳይኖር 200 ገደማ ቢደርስም ኢንቨርተሩ ከሚችለው 450 ቮልት ይርቃል። ማስተካከያው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ግን 200 ቮልት ዲሲ (ከፓነል የሚወጣው ዓይነት ኤሌክትሪክ) ይገድላልና ፓነሉ በብርድ ልብስ ሳይሸፈን ሽቦ አይነካም።

ከሁሉ የከፋው፣ በፓነሉ መስመር ላይ የገባው የተለመደው የቤት ብሬከር ነበር። ኤሲ (ከቆጣሪ የሚመጣው መብራት) በየሴኮንዱ መቶ ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፤ ዲሲ ዜሮ ስለማይነካ ብሬከሩ መስመሩን ሲቆርጥ ብልጭታው ይቀጥልና ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ላዩ ላይ የዲሲ ቮልቴጅ ያልተጻፈበትን ብሬከር መልሱት።

የኢንቨርተሩ ቅንብርም ተሳስቷል። የመብራት ቮልቴጅ ገደብ የሚመረጥበት ቁጥር 03 «ዩፒኤስ» ላይ ከተተወ ኢንቨርተሩ ከ170 ቮልት በታች ያለውን መብራት አይቀበልም። ማታ ምድጃው ሁሉ ሲለኮስና ቮልቴጁ ሲወርድ፣ መብራት እያለ ባትሪ ይበላል። ሌላው ምርጫ «ኤፒኤል» ከ90 ጀምሮ ይቀበላል፤ ያ ደካማ ቮልቴጅ ግን በቀጥታ ስለሚያልፍ ፍሪጁ ስታቢላይዘር ይፈልጋል። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ከቆጣሪው መስመር አይነቀል።

ጀርመን ውስጥ ከበረንዳ ትንንሽ ሶላር በቀር የተመዘገበ ኤሌክትሪሺያን ያልፈረመበት ከመስመር አይገናኝም። እኛም ዘንድ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪው ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ እያለ «ልጁ ጎበዝ ነው» ተብሎ በስልክ ቁጥር ብቻ ገጣሚ መላክ ግን ልማድ ሆኗል። ቀብድ ሳይከፈል ገጣሚው ማረጋገጫውን እንዲያሳይ አድርጉ፤ ቀሪውን ክፍያ ደግሞ ዋናው ብሬከር ከቀኑ 6 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ወርዶ ፍሪጁ ሲሠራ ከታየ በኋላ ስጡ።