ክራቡ በነጻ፣ ኬጁ በ28 ዶላር

ባለፈው ሐምሌ ልጆቹን ይዘን ኦሽን ሲቲ ወርደን ነበር። ዲሲና አካባቢው ያላችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ባሕሩ ጋ ደርሰን ልጆቹ መጀመሪያ የሮጡት ወደ ውሃው ሳይሆን ቦርድዎኩ ላይ ወደተደረደሩት ሱቆች ነው። አንዱ ሱቅ በር ላይ ሄርሚት ክራብ ይሸጣል። የቀንድ አውጣ ዛጎል ለብሰው የሚዞሩት ትንንሾቹ ሸርጣኖች ማለቴ ነው። ማስታወቂያው «ክራቡ በነጻ» ይላል፤ የሚከፈለው ለኬጁና አብሮት ላለው ዕቃ ነው። ልጄ ሁለት መረጠች፣ አንድ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዛጎል ያለው ትንሽዬና አንድ ትልቅ። 28 ዶላር ከፍለን ወደ አርሊንግተን ተመለስን።

አትግዙት። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ እኛ ያጠፋነው ሌላ ቤት እንዳይደገም።

ከሽቦው ኬጅ ጋር የሚሰጣችሁ ባለ ቀለም ጠጠር፣ የጠርሙስ ክዳን የምታክል የውሃ ሳህን፣ ስፖንጅ፣ በትንሽ ዕቃ የታሸገ ደረቅ ምግብና አንድ ገጽ መመሪያ ነው። መመሪያው በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውሃ እጠቧቸው ይላል። እኛም አመንን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎድጓዳ ሳህን ላይ የቧንቧ ውሃ ሞልተን፣ ሁለቱንም በጀርባቸው ገልብጠን እንነክራቸው ነበር። ከዛጎሉ አፍ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ልጆቹ ይስቃሉ። ሕፃን የምናጥብ ያህል ተጠንቅቀን ነበር የምናደርገው።

ሄርሚት ክራብ ግን አጣቢ አያስፈልገውም። ዛጎሉ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይዞ ነው የሚዞረው። ከጨዋማውም ጨው ከሌለውም እየቀዳ፣ ለገላው በሚስማማው መጠን ራሱ ያመጣጠነው ውሃ ነው። የብስ ላይ ቢኖርም የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በጊል (በስንጥብ) ስለሆነ፣ ጊሉ መድረቅ የለበትም። እኛ በየቅዳሜው ያንን ውሃ ደፍተን በኬሚካል የታከመ የቧንቧ ውሃ እንሞላበት ነበር።

ትንሹ በአምስተኛው ሳምንት ግማሽ ሰውነቱ ከዛጎሉ ወጥቶ፣ ሞቶ አገኘነው። ልጄ ሁለት ቀን አለቀሰች። «አጥበነው አልነበር እንዴ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። የመጀመሪያው የደነገጥኩበት እርጥበት ነው። እነዚህ ክራቦች የካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ፍጥረቶች ናቸው፤ አየሩ ከ75 እስከ 85 በመቶ እርጥበት፣ ሙቀቱም ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆንላቸው ይገባል። የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ኬጁ ውስጥ ባስቀምጠው 41 አነበበ። ኤሲ በሚሠራበት ቤት ሽቦ ምን እርጥበት ሊይዝ ይችላል? በዚህ አየር ቀስ በቀስ ነው የሚታፈኑት።

ኬጁን ትቼ 38 ሊትር የሚይዝ አሮጌ አኳሪየም በ15 ዶላር ከሰው ገዛሁ። የመስታወት ክዳን አደረግሁለት፣ የማሞቂያ ንጣፍ ከኋላ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። መለኪያው በሁለተኛው ቀን 80 ገባ።

አሁን ስለ ውሃው። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሁለት የውሃ ገንዳ ያስፈልጋቸዋል፣ አንዱ ጨው የሌለው፣ አንዱ እንደ ባሕር ጨዋማ። የዲሲና የአርሊንግተን የቧንቧ ውሃ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው ክሎራሚን በሚባል ጀርም ገዳይ ኬሚካል ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ እንደ ክሎሪን አንድ ሌሊት ክፍት ስላደረ አይተንም። ስለዚህ ለዓሣ ውሃ የሚሸጠውን ማጥፊያ ጠብታ ግዙ፣ ሁለቱንም እንደሚያጠፋ ጠርሙሱ ላይ አንብባችሁ። ከጠቅላላው ወጪዬ ምንም ሳልቆጭ የከፈልኩት እሱን ነው። ጨዉም የወጥ ጨው አይሆንም። ለባሕር ዓሣ አኳሪየም ተብሎ የሚሸጠውን በሊትር 35 ግራም ያህል ትበጠብጣላችሁ። ገንዳው ክራቡ ሙሉ ለሙሉ ሊነከርበት የሚችል ጥልቀት ይኑረው፣ ግን መውጫ ድንጋይ አድርጉለት፤ መውጣት ካቃተው ይሰምጣል። ስፖንጁን ጣሉት፣ የባክቴሪያ ማደሪያ ነው።

አንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ገደማ የሳሎኑን መብራት አጥፍተን ከልጄ ጋር ስናይ፣ ትልቁ ክራብ ጨዋማው ገንዳ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። አንቴናውን ነከር ነከር አደረገ። ከዚያ በትንሿ መቆንጠጫው ውሃ እየጨለፈ ወደ አፉ ወሰደ። ትንሽ ቆይቶ ገባና ዛጎሉን ወደ ጎን አዘንብሎ ውሃውን ሞላ፣ ድንጋዩን ተደግፎ ወጣ። ልጄ «ራሱን አጠበ» አለች። ያኔ ነው የቅዳሜውን እጥበት ለዘላለም የተውነው።

ምግቡን በተመለከተ፣ አብሮ የመጣውን ደረቅ ምግብ ማሸጊያ ላይ ስታነቡ ኮፐር ሰልፌት የሚባል የመዳብ ውህድ ታገኛላችሁ። መዳብ ለክራብ ዘመዶች ጎጂ ነው፣ ስለዚህ እኔ ጣልኩት። ሁሉን በል ናቸው፤ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ኮኮናት፣ ያልበሰለ የጎመን ቅጠል፣ ጨውና ቅመም ያልነካው ዓሣና ሽሪምፕ ይበላሉ። ከቤታችን ማዕድ የሚሰጣቸው ማንኛውም ነገር ሽንኩርትና በርበሬ ሳይገባበት መነሣት አለበት። ካልሲየም በጣም ይፈልጋሉ። ዶሮ ወጥ በሠራሁ ቁጥር የእንቁላሉን ልጣጭ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በርበሬ ነክቶት በማያውቅ ትንሽ ሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ዱቄት እስኪሆን አይደለም፣ ደቀቅ እስኪል ብቻ። ጠዋት ስናይ ሳህኑ ባዶ ነው።

ጠጠሩም አይረባም። ሄርሚት ክራብ ቆዳውን ሲቀይር አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ጠጠር ውስጥ ደግሞ መቆፈር አይችልም። አሸዋ ከኮኮናት ቃጫ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በእጃችሁ ስትጨብጡት ቅርጽ እስኪይዝ አርጥባችሁ፣ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ሙሉ። የእኛው ትልቁ ኅዳር ላይ ገብቶ ስድስት ሳምንት ጠፋ። ሞቷል ብላችሁ እንዳትቆፍሩ፣ እባካችሁ። ልጄ በየማለዳው መስታወቱ ጋ ተለጥፋ ስትጠብቅ ከረመች፤ ሲወጣ መቆንጠጫው ሐምራዊ ሆኖ እያብረቀረቀ ነበር።

ለዚያ የ28 ዶላር ዕቃ ከአምስት ኮከብ አንድ እንኳ አልሰጥም፣ ምክንያቱም ከውስጡ አንድም የተጠቀምንበት ነገር የለም። የተቀባውን ዛጎል ሳይቀር ጣልነው፤ ቀለሙ ይላጣል፣ እነሱም ይበሉታል። ተፈጥሯዊ ዛጎሎች መጠናቸው ከፍ ከፍ ያለ አራት አምስት አስቀምጡላቸው፣ ራሳቸው ይመርጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሱቅ የሚሸጡት ሁሉም ማለት ይቻላል ከካሪቢያን ዳርቻዎች የተለቀሙ ናቸው። ጫጩቶቻቸው ሕይወትን የሚጀምሩት ባሕር ውስጥ ስለሆነ ሰው ቤት ማራባቱ እጅግ ከባድ ነው። በደንብ ከተያዙ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ብቻውን የሚኖር ፍጥረትም ስላልሆነ ጓደኛ ያስፈልገው ነበር፤ ግን ወደዚያ ሱቅ አልተመለስኩም። ማሳደግ የሰለቻቸው አንድ ቤተሰብ በነጻ የሚሰጡት እንዳላቸው አይቼ ሄጄ አመጣሁ። የእነሱም ክራብ የተቀመጠው እንደዚያው ባለ የሽቦ ኬጅ ውስጥ ነበር፣ ስፖንጁም ደርቋል። እኛ ቤት በደረሰ በመጀመሪያው ሌሊት ቀጥ ብሎ የሄደው ወደ ጨዋማው ውሃ ነው፣ ረጅም ጊዜም አልወጣም።