ኦልተርኔተር ወይስ የማግኔት ሞተር? ባትሪ ለመሙላት የቱን እንግዛ

ወንዝ ዳር ወይም ነፋስ የማይጠፋበት ኮረብታ ላይ የ12 ቮልት ባትሪ የሚሞላ ማሽን መሥራት ያሰበ ሰው እግሩ መጀመሪያ የሚወስደው ሶማሌ ተራ ነው። ያገለገለ የመኪና ዲናሞ ይዞ ይመለሳል። እኔም ይዤ ተመልሻለሁ። ክንፉ ሲዞር ዋለ፣ ባትሪው ግን ጠብ ያለለት ነገር የለም።

ግራ መጋባቱ ከስሙ ይጀምራል። እኛ ዘንድ የሚሽከረከር ሁሉ ዲናሞ ነው፤ የውኃ ፓምፑም፣ የብስክሌት መብራቱም፣ የመኪናውም። እውነተኛው የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ከረንት) ዲናሞ የድሮ ቮልስ ላይ የነበረው ነው። እሱ ላይ የሚዞረው የሽቦ ጥቅሉ ነው። ጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረው ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) ሲሆን፣ ሲወጣ ዲሲ የሚያደርጉት ዘንጉ ላይ ያለው የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበት፣ ኮሙቴተሩ፣ እና እሱን እየነካ ከረንቱን የሚቀበለው ካርቦን ናቸው። የዛሬ መኪና ላይ ያለው ኦልተርኔተር ነው። ጥቅሉ ቆሞ ማግኔቱ ይዞራል፤ ኤሲውን ዲሲ የማድረጉ ሥራ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት የዳዮዶች ነው።

ኦልተርኔተር ማግኔቱ ቋሚ (ሁልጊዜ በራሱ ማግኔት የሆነ) አይደለም። ማግኔት ለመሆን ከባትሪ ከረንት ይወስዳል፤ 3 አምፒር ያህል በሉት። በ12 ቮልት ሲባዛ 36 ዋት ነው። ለመኪና ይህ ኢምንት ነው። 100 ዋት ለምታወጣ የወንዝ ተርባይን ግን ሲሶው እዚያው ተበላ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፍጥነት ይወዳል። በደቂቃ ከ1000 ዙር በታች ብዙዎቹ ምንም አይሞሉም፤ ሙሉ ጉልበታቸው የሚወጣው ወደ 6000 ሲጠጉ ነው። በቺንጋ ከቤንዚን ሞተር ጋር ለምታያይዙት ግን ሌላ አትፈልጉ። ሬጉሌተሩ ቮልቱን ባትሪውን ለመሙላት በሚያስፈልገው 14 አካባቢ ይይዝላችኋል፣ መለዋወጫውም በየቦታው አለ።

የማግኔት ሞተር የሚባለው ቋሚ ማግኔት ያለው የዲሲ ሞተር ነው። ከረንት ስትሰጡት ይዞራል፤ ስታዞሩት ከረንት ይሰጣል። ለማግኔቱ ከባትሪ ምንም አይወስድም፣ ቀስ ብሎ ሲዞርም የአቅሙን ያመነጫል። ቮልቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ስለሚያድግ፣ ስትገዙ ዋቱን ሳይሆን የተጻፈበትን ዙር በቮልቱ አካፍሉ። ለምሳሌ 24 ቮልት፣ 2750 ዙር የተጻፈበት የስኩተር ሞተር ለአንድ ቮልት 115 ዙር ገደማ ይፈልጋል። 14 ቮልት ለማግኘት 1600 ዙር፣ ጭነት ሲመጣበት ደግሞ ከዚያ በላይ። ለነፋስ ክንፍ ይህም ፈጣን ነው። 130 ቮልት፣ 6500 ዙር የተጻፈበት የመሮጫ ማሽን ሞተር ካገኛችሁ ግን 700 ዙር ይበቃዋል። እኔ ብሆን እሱን ነው የማነሳው።

ጉዳቱ ካርቦኑ ላይ ነው። በኦልተርኔተር ካርቦን የሚያልፈው ያቺ 3 አምፒር ብቻ ናት፤ እዚህ ግን ያመረታችሁት ሁሉ በካርቦኑ ያልፋል። ስለዚህ ቶሎ ያልቃል፣ ኮሙቴተሩንም ይበላል። ካርቦን የሰለቸው ሰው የኤሌክትሪክ ብስክሌት የጎማ ሞተር ይፈልግ። ካርቦን የለውም፣ 36 ቮልቱ ደግሞ በ300 ዙር አካባቢ ስለሚገኝ፣ ለ14 ቮልት 120 ዙር ገደማ ይበቃዋል። ሦስት ሽቦ ስለሚያወጣ ስድስት ዳዮድ ያስፈልገዋል። ጊር ያለውን ዓይነት ግን አትግዙ፤ ወደፊት ስታዞሩት ጎማው ብቻ ይዞራል፣ ሞተሩ ይቆማል።

በካርቦን የሚሠራው ላይ ወደ ባትሪው በሚሄደው ሽቦ አንድ ወፍራም ዳዮድ ማስገባት ግዴታ ነው። አለዚያ ነፋሱ ሲቆም ባትሪው ሞተሩን ማራገቢያ አድርጎት ያድራል። ኦልተርኔተር ዳዮዶቹ ውስጡ ስላሉ ይህ ጣጣ የለበትም።

ሻጩ ፊት የምታደርጉት ሙከራ አለ። የማግኔት ሞተሩን ዘንግ በእጃችሁ አዙሩት። ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝታችሁ እንደገና አዙሩት። ከበደ? ማግኔቱም ካርቦኑም ደህና ነው። ልዩነት ከሌለው መልሱለት። ኦልተርኔተር ላይ ይህን ብትሞክሩ ደህናውም ቢሆን አይከብድም፤ ባትሪ ካልተሰጠው ማግኔት የለውምና።