ስፒሮግራፍ፦ ውበቱ ያለው የጥርሶቹ ቁጥር ላይ ነው

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዴኒስ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1965 ለገበያ ያቀረበው ስፒሮግራፍ አሠራሩ ቀላል ነው። ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ወረቀት ላይ ይጣበቃል። ጥርስ ያላት ትንሽ መንኮራኩር ቀለበቱ ውስጥ ትቀመጣለች። ከመንኮራኩሯ ቀዳዳዎች በአንዱ የእስክርቢቶ ጫፍ ይገባና ሲገፋ፣ እሷ በቀለበቱ ጥርስ ላይ እየተንከባለለች ትዞራለች። እስክርቢቶው ወደተነሣበት ነጥብ ሲመለስ ወረቀቱ ላይ ኮከብ፣ አበባ ወይም እንደ ዳንቴል የተጠላለፈ ክብ ይቀራል። የዚህ መስመር የሒሳብ ስሙ ሃይፖትሮኮይድ ነው።

ቀደምቱ ስብስብ ሁለት ቀለበቶች አሉት። የአንዱ የውስጥ ጥርስ 96፣ የውጩ 144 ነው፤ የሌላው ደግሞ 105 እና 150። መንኮራኩሮቹ ከ24 ጥርስ ጀምረው እስከ 84 ይደርሳሉ። ከቀለሙና ከሳጥኑ ማማር በፊት መታየት ያለበት እነዚህ ቁጥሮች በየክፍሉ ላይ መታተማቸው ነው። ቁጥር በሌለው ስብስብ የሚሠራ ሰው የወጣለትን ይቀበላል እንጂ የፈለገውን አይመርጥም።

ቁጥሩ ካለ ግን መስመር ሳይሰመር ውጤቱ ይታወቃል። የቀለበቱንና የመንኮራኩሯን ጥርስ ትልቁን የጋራ አካፋይ ማግኘት ነው። የቀለበቱ ጥርስ ለዚህ አካፋይ ሲካፈል የጫፎቹን ብዛት፣ የመንኮራኩሯ ጥርስ ሲካፈል ደግሞ ቅርጹ እስኪዘጋ የሚያስፈልገውን ዙር ይሰጣል። 96 እና 52ን ብንወስድ የጋራ አካፋያቸው 4 ስለሆነ 24 ጫፍ በ13 ዙር ይወጣል። 96 እና 40 ከሆነ 12 ጫፍ በ5 ዙር ነው። 105 እና 60 ባለ7 ጫፍ ኮከብ በ4 ዙር ያወጣሉ። 105 እና 52 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው 105 ጫፍ ይመጣል፤ ለዚያም 52 ዙር መታገሥ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ቀለበቶች አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞሉት እዚህ ላይ ነው። 96 በ2 እና በ3 ብዜት ብቻ የተሠራ ቁጥር ነው፤ በ5ም ሆነ በ7 አይካፈልም። ስለዚህ የፈለገው መንኮራኩር ቢገባበት ባለ5 ጫፍ ኮከብ ከውስጡ አይወጣም። 105 ግን የ3፣ የ5 እና የ7 ብዜት ነው፤ ባለ42፣ ባለ63 እና ባለ84 ጥርስ መንኮራኩሮች ሦስቱም በውስጡ ባለ5 ጫፍ ቅርጽ ይሰጣሉ፤ ዙሩ 2፣ 3 እና 4 እየሆነ መልኩ ይለያያል። ባለ96 ቀለበት ብቻ ያለው ርካሽ ስብስብ እንግዲህ ምን እንደሚያሳጣ ግልጽ ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ባለ48 ጥርስ መንኮራኩር በ96 ውስጥ ስትዞር ነው። የፋርሱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ናሲር አል ዲን አል ቱሲ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ እጥፍ በሚበልጠው ክብ ውስጥ የሚንከባለል ክብ ጠርዙ ላይ ያለ ነጥብ ቀጥ ባለ መስመር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሁለት ክብ ተጋጥመው ቀጥታ መስመር መውለዳቸው ለማመን ይከብዳል። ስፒሮግራፉ ላይ ግን ቀዳዳው ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ስለሚገኝ የሚወጣው ቀጭን ሞላላ ነው፤ ቀዳዳው ወደ መሃል በቀረበ መጠን ሞላላው እየወፈረ ይሄዳል። የዕቃው ትልቁ ገደብም ይኸው ነው። በትክክል ጠርዙ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ስለሌለ ጫፎቹ ሁልጊዜ በጥቂቱ ይዶለዱማሉ።

ጀማሪን የሚያማርረው ጥርስ መዝለሉ ነው። ምክንያቱ ከጠርዙ አጠገብ ያለው ቀዳዳ ጥርስ ለጥርስ ወደተያያዘበት ቦታ ሲደርስ የሚገፋው እጅ ጉልበት ማጣቱ ነው፤ እስክርቢቶው ከመገናኛው ነጥብ ምንም ያህል ስለማይርቅ መንኮራኩሯ ትቆማለች። እዚያ ላይ በኃይል ሲገፋ ትፈናጠራለች። መፍትሔው ጫፍ ላይ ሲደረስ ፍጥነት መቀነስ፣ እስክርቢቶውን ቀጥ አድርጎ መያዝና ግፊቱን በትንሹ ወደ ቀለበቱ ማዘንበል ነው። ለመለማመድ ባለ84ቷ ትሻላለች፤ ባለ24ቷ ቶሎ ቶሎ ስለምትዞር ታስቸግራለች።

በባለ96 ቀለበት አንድ ጥርስ ሲዘለል ቀጣዩ መስመር በሙሉ በ3.75 ዲግሪ ይዞራል። 24 ጫፍ ባለው ቅርጽ በጫፍና በጫፍ መካከል 15 ዲግሪ ስላለ፣ ስሕተቱ የክፍተቱ ሩብ ሆኖ ፈጥጦ ይታያል። በ105 እና በ52 ጥምረት ግን ጫፎቹ የሚራራቁት ልክ በአንድ ጥርስ ነው፤ ስለዚህ ዝላዩ ከተፈጠረባት ነጥብ በቀር መስመሩ ከራሱ ጥለት ላይ ያርፋል። ለዓይን በጣም የሚከብደው ቅርጽ ስሕተትን ከሁሉም በላይ ይሸሽጋል።

እስክርቢቶው ቀጭን ጫፍ ያለው ተራ እስክርቢቶ ይሁን። ጄል ቀለም መስመሩ ራሱን ደጋግሞ ስለሚያቋርጥ ሳይደርቅ ይዝረከረካል። እርሳስ መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ መጨረሻ ላይ ይወፍራል። ወፍራም ፓርከር ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። ብዙ ዙር ለሚፈልግ ቅርጽ ተራው ባለ80 ግራም ወረቀት መስመሮች በሚደራረቡበት ቦታ ይላጣል፤ ከ120 ግራም በላይ ያለው ይመረጣል። ቀደም ያሉት ስብስቦች ቀለበቱን በፒን ስለሚይዙ ከወረቀቱ ሥር ወፍራም ካርቶን ያስፈልጋል። አሁን አሁን የሚመጣው ተጣባቂ ሊጥ ወረቀት ባይበሳም ረጅም ሥራ ላይ ቀለበቱን ሊያንሸራትት ይችላል፤ ፒን ይሻላል።

ቀለበቱን በውጭ በኩል መዞርም ይቻላል። ባለ30 ጥርስ መንኮራኩር በ150 ዙሪያ 5 ቅጠል ያለው አበባ ትሠራለች፤ ቬነስ ከምድር ስትታይ በ8 ዓመት ውስጥ የምትሥለው ባለ5 ጥምዝ መንገድም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ነገር ግን መንኮራኩሯን ከውጭ የሚያቅፋት ስለሌለ በሁለት እጅ መሥራት ግድ ነው። በአንድ ጠፍጣፋ ማስመሪያ ላይ ቀለበቱ ተቆርጦ የሚሸጠው ዓይነት ይህን ጨርሶ አይችልም።

ስብስቡን ለመፈተን አንድ ሥራ ይበቃል። ባለ48ቷን በ96 ውስጥ አስገብቶ ከጠርዙ አጠገብ ባለው ቀዳዳ አንድ ሞላላ መሣል፤ ከዚያ መንኮራኩሯን አንሥቶ ያንኑ ጥርሷን በቀለበቱ ላይ 4 ጥርስ አሳልፎ ማስገባትና መድገም። ከ12 ሞላላ በኋላ 13ኛው በመጀመሪያው ላይ በትክክል ካረፈ ጥርሶቹ በደንብ የተቆረጡ ናቸው፤ ድርብ መስመር ከታየ ወይ ቀለበቱ ተንሸራቷል፣ ወይ ቀዳዳው ለእስክርቢቶው ሰፍቷል።