«የዘር ድንች» የተባለውን ከረጢት ሳትከፍቱ አትክፈሉ

ለጓሮ ተብሎ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ርካሽ «የዘር ድንች» ብዙ ጊዜ ከመብል ድንች ተለቅሞ የተረፈ ደቃቅ ነው። ጉዳቱም ገንዘብ ብቻ አይደለም።

በቫይረስ የተያዘ የድንች ተክል የሚያፈራው ፍሬ ትንንሽ ነው። ስለዚህ ከመብል ክምር ትንንሹን እየመረጠ «ዘር» የሚል ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን በሽተኛውን እየመረጠ ነው። ድንቹ ላይ ላዩን ጤነኛ ይመስላል። ከበቀለ በኋላ ግን ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ይደርቃል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ምርቱም በግማሽ ሊወርድ ይችላል። በዚያ ላይ የመብል ድንች እንዳያጎነቁል እንደ ክሎርፕሮፋም ያለ መድኃኒት ተደርጎበት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ወይ አይበቅልም ወይ እንደ ክር የቀጠነ ቡቃያ ያወጣል።

ከሁሉ የከፋው የባክቴሪያ አጠውልግ የተባለው፣ ተክሉን የሚያጠወልግ በሽታ ነው። አንዴ ከገባ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ቲማቲሙንም፣ ቃሪያውንም፣ ደበርጃኑንም ይይዛል። ስለዚህ ከከረጢቱ አምስት ያህል አውጡ፤ በተለይ ዓይናቸው ላይ አፈር የተጣበቀባቸውን። ከእናት ተክሉ ጋር ተያይዞ በነበረው ጫፍ በኩል አግድም ቁረጡና ጨመቅ አድርጉ። ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ከታየና ወተት የመሰለ ጠብታ ከወጣ በሽታው አለ። ከተጠራጠራችሁ ቁራጩን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ጫፉን ብቻ ንከሩት፤ በሽታው ካለ ነጭ ክር የመሰለ ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ እንኳ ከተገኘ ከረጢቱ በሙሉ ይመለስ፤ «ደህና ደህናውን ልልቀም» አትበሉ። ምልክት አለመታየቱም ዋስትና አይደለም፤ የዝርያ ስም፣ የዘር ደረጃና የምድብ ቁጥር ያለበት መለያ ጠይቁ። ተቆርጦ የተዘጋጀ ዘር ግን ጨርሶ አትግዙ፤ ቢላው በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያጋባል።

ጥሩ ዘር የዶሮ እንቁላል ያህላል፤ ከ30 እስከ 60 ግራም። ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራም፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ነው። ልጣጩ አረንጓዴ ቢሆን አትሽሹት፤ ለመብል አይሆንም እንጂ ለዘር ችግር የለበትም። ነጭና ረጅም ጉንቁል ያለው ጨለማ ውስጥ የከረመ ነው፤ ሲተከል ይሰበራል። ምንም ያላጎነቆለው ደግሞ ገና በእንቅልፍ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከተቆፈረ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። ሻጩን መቼ እንደተቆፈረ ጠይቁት።

ብዛቱንም አስሉ። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ብትተዉ ለ10 ካሬ ሜትር 44 ፍሬ ይበቃል፤ በ50 ግራም ሲታሰብ 2.2 ኪሎ ነው። ለዚህች መደብ 10 ኪሎ የሚያሸክማችሁ ሻጭ አይታመን። «ከ1 ኪሎ 50 ኪሎ» የሚለውም እንዲሁ፤ በደንብ አፈር የታቀፈና ውሃ ያገኘ የጓሮ ድንች አስር እጥፍ ከሰጠ መልካም ምርት ነው።

የገዛችሁት ካለ ብርሃን በሚገባበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩት፤ ያላጎነቆለውን አትትከሉ። የታመመውን ከብስባሽ ጋር አትቀላቅሉ። የቫይረሱ ምልክት የሚታየው ከበቀለ በኋላ ስለሆነ መለያውንና ደረሰኙን እስከዚያ አስቀምጡ።