«ደህና ነኝ» የምትል እናት ላላችሁ፦ ለአንዲት የካንሰር ክፍል ነርስ ምስጋና

እናቴ «እንዴት ነሽ?» ስትባል መልሷ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን»። ኬሞ ወስዳ በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት መድረስ አቅቷት ግድግዳ ይዛ ቆማ እንኳ ደህና ናት። ይህን የምጽፈው ያቺን «ደህና ነኝ» አንድም ቀን አምና ላልተቀበለች ነርስ ነው። ስሜን አትጥቀሺ ስላለችኝ ሲስተር እላታለሁ።

እማዬ ለጡት ካንሰር በየ21 ቀኑ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ትወስድ ነበር። መድኃኒቱ በአንድ ቀን ተሰጥቶ ያልቃል፤ ጣጣው የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ በነበርንበት ሌላ ቦታ የተሰጠን ስልክ ወይ አይነሳም፣ ሲነሳም «በቀጠሮሽ ቀን ንገሪያቸው» ነው።

ሲስተር ግን በመጀመሪያው ቀን ዋትስአፕ ላይ መዘገበችን። «እንዴት ነዎት?» ብላ አትጠይቅም። ማታ ማታ «ዛሬ ስንት ጊዜ አስመለስዎት? ሆድዎ ከሄደ ስንት ቀን ሆነ? ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ትላለች። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ «ተመስገን» መልስ አይሆንም። ሽንቷ ቀልቶ ስንደናገጥም የመድኃኒቱ ቀለም መሆኑን፣ በአንድ ሁለት ቀን እንደሚጠራ ነግራን ተኛን።

በሁለተኛው ዙር እማዬ በቮይስ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አታስቢ» አለቻት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «እማማ፣ ሲናገሩ ምላስዎ ይያዛል። አፍዎ ቆስሏል እንዴ? ፎቶ ይላኩልኝ።» የስልኬን መብራት አብርቼ አፏን ሳስከፍታት ከምላሷ ሥር ነጫጭ ቁስል ሞልቶታል። አንድ ቤት የምንኖር እኔ አላየሁትም፤ እሷ ከ12 ሰከንድ ድምፅ ሰማችው። ለሐኪሙ አሳይታ፣ በጨውና በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እንድትጉመጠመጥ፣ አልኮል ያለበትን የአፍ ማጠቢያ እንድትተው ላከችልን።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ከቻቱ አናት ላይ ፒን አድርጋ ስላስቀመጠችው ጽሑፍ ነው፦ «ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ እዚህ አትጻፉ። ደውሉና ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ኑ። ማስታገሻ ሰጥታችሁ ጠዋት እንየው እንዳትሉ።» በ10ኛው ቀን ሌሊት ቴርሞሜትሩ 38.2 አለ። እማዬ «ተይ አትቀስቅሺያት፣ ሲነጋ ይተወኛል» ስትለኝ ፓራሲታሞሉን በእጄ ይዤ ነበር። ጽሑፉን አየሁና ደወልኩ። ኢንፌክሽን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴሏ በጣም ወርዶ ነበር፤ ከኬሞ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው አብዛኛውን ጊዜ ወለሉን የሚነካው። በደረስን በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተጀመረላት። ፓራሲታሞሉን ሰጥቻት ቢሆን ትኩሳቱ ይደበቅ ነበር፣ እኛም እንተኛ ነበር።

ቻት ምን ያደርጋል የምትሉ ካላችሁ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የተሠራና በ2017 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። ካንሰራቸው የተሰራጨ 766 ታማሚዎች ተሳትፈውበታል። ምልክታቸውን በየጊዜው በኢንተርኔት የሚያሳውቁት ወገኖች መካከለኛ የመኖር ጊዜ (ግማሾቹ ከዚያ በላይ የኖሩበት) 31.2 ወር ሲሆን፣ በተለመደው ክትትል የቆዩት 26 ወር ነበር። ያኔ ያገለገለው ለዚሁ የተሠራ ድረ ገጽ እንጂ ዋትስአፕ አይደለም፤ ዋናው ነገር ግን አንድ ነው፦ በየጊዜው የሚጠይቅና መልሱን አይቶ የሚነሳ ሰው።

ግሩፕ አልከፈተችም። ብዙዎች ሲከፍቱ አይቻለሁ፤ በሳምንቱ «ካንሰርን በ3 ቀን የሚያጠፋ ቅጠል» ይሞላዋል። እሷ ከእያንዳንዱ ጋር ለየብቻ ነው፤ ፎቶ ሲላክ ፊትና የካርድ ቁጥር እንዳይታይ ትላለች። ቴሌግራም ለሚጠቀሙም «ሲክሬት ቻት» ካልከፈቱ መልእክቱ እንደ ዋትስአፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደማይመሰጠር፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ማንም እንዳያነበው ሆኖ እንደማይቆለፍ ታስረዳለች።

አንድ ቅር የሚለኝ፣ ይህን ሁሉ በራሷ ስልክና በራሷ እንቅልፍ መሥራቷ ነው። አለቆቿ ይህን ካነበባችሁ የተረኛ ስልክ ግዙላቸው። በሕክምና ላይ ያላችሁ ደግሞ ክፍላችሁን «ቤት ስገባ በምን ላግኛችሁ? ማታስ ማን ያነሳል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ።

እማዬ ኬሞውን ጨርሳለች፤ ሲስተርም መጠየቁን ትታለች። ትናንት ማታ ግን ስልኳን ሳይ ማንም ሳይጠይቃት ልካላታለች፦ «አፌ 0። ሆዴ 0። እግሬ 2። አንቺስ ልጄ፣ ስንት ነሽ?»