ፕሪንት ወይስ ጥልፍ? የህንድ የእጅ ሥራ ልብስ ለመግዛት ላሰባችሁ

የህንድ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ። ስንቴ ልለብሰው ነው? በምንስ ይታጠባል? ቀለሙ፣ አንገቱና ፋሽኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በእንጨት ማኅተም የታተመ የጥጥ ቀሚስና በወርቃማ ክር የተጠለፈ የሐር ልብስ ሱቅ ውስጥ «የእጅ ሥራ» ተብለው ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። አንዱ ሥራ ቦታ፣ ገበያና ጉዞ ላይ አብሯችሁ ይውላል። ሌላው በዓመት አንዴ ከቁም ሳጥን ወጥቶ ይመለሳል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በጀቱ ጠበብ ያለ ሰው ፕሪንት ይግዛ ባይ ነኝ። ርካሽ ፕሪንት ቢያንስ ይለበሳል። ርካሽ ጥልፍ ግን ገላ ይፍቃል፣ ይተረተራል፣ ገና ሳይለበስ ክሩ ይንጠለጠላል። ጥልፍ ካማራችሁ ጠቀም ያለ ገንዘብ መድባችሁ ግቡ። አለዚያ ይቅርባችሁ።

ሳንጋነር፣ ባግሩ፣ አጅራክ

በራጃስታን፣ ከጃይፑር ከተማ አጠገብ፣ ሳንጋነርና ባግሩ የሚባሉ ሁለት የአታሚዎች ቦታዎች አሉ። ሥራው በቺፓ ቤተሰቦች እጅ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። አሠራሩ በመሠረቱ አንድ ነው። ጠንካራ እንጨት ላይ ንድፉ ይቀረጻል። ማኅተሙ ትሪ ላይ ካለው ቀለም ይነካና ረጅም ጠረጴዛ ላይ በተወጠረው ጨርቅ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በእጅ ጀርባው ላይ መታ ይደረጋል። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማኅተም አለው። ስለዚህ አራት ቀለም ያለው አበባ አራት ጊዜ የታተመ አበባ ነው። ዋጋውም በቀለሙ ብዛት ይጨምራል።

መልካቸው ግን ይለያያል። የሳንጋነር ጨርቅ መደቡ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ነው። በላዩ ላይ ስስ ግንድና ጥቃቅን አበቦች ይረጩበታል። የባግሩ መደብ ወደ አፈር መልክ ያደላል፤ ቀይ፣ ጥቁርና ኢንዲጎ ሰማያዊ ይበዛበታል። ጥቁሩ የሚገኘው የዛገ ብረት ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ጋር ለቀናት ሲብላላ ነው። ባግሩዎች «ዳቡ» የሚሉትም ዘዴ አላቸው። ጭቃ፣ ኖራና ሙጫ ተደባልቆ ጨርቁ ላይ ይታተማል። ጨርቁ ኢንዲጎ ውስጥ ሲነከር ጭቃው ያረፈበት ቦታ ቀለም አይቀበልም። ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ሰማያዊው በስንጥቁ ሰርጎ ፀጉር የመሰሉ መስመሮች ይተዋል። እነዚያን መስመሮች አይታችሁ «ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳትመልሱት። የገዛችሁት እነሱን ነው።

ሞቃት አገር ለምትኖሩ ሳንጋነር ይሻላል። ትንንሽ ልጆች ላላችሁ ደግሞ ባግሩ፤ የወጥ ጠብታ ቶሎ አይታይበትም።

ከሁሉም ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለአጅራክ ነው። በጉጅራት ግዛት፣ ካች በሚባለው ደረቅ አካባቢ፣ የካትሪ ቤተሰቦች የሚያትሙት ጨርቅ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ በፓኪስታኑ ሲንድም ይሠራል። ጥልቅ ሰማያዊ፣ ብስል ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ፤ ኮከብ፣ ክብና ሐረግ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይቀመጣሉ። ጨርቁ ገና ቀለም ሳይነካው በጉሎ ዘይትና በግመል ፋንድያ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ማተም፣ መንከር፣ ማጠብ፣ እንደገና ማተም ነው። እርምጃዎቹ ከደርዘን ያልፋሉ። ምርጦቹ በሁለቱም ገጽ ይታተማሉ፤ ፊትና ጀርባቸውን መለየት ያስቸግራል።

ውሃው ራሱ የሥራው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 ካችን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የአታሚዎቹን መንደር ዳማድካን አፈራረሰ። ከዚያ በኋላ በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ያለው ብረት ለቀለሙ አልመች አለ። ብዙዎቹ ተነሥተው አጅራክፑር የሚባል አዲስ መንደር ቆረቆሩ። ዛሬ ጥሩ አጅራክ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ስሞች ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ ይህ ጨርቅ ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። አሮጌው ካይሮ ውስጥ፣ ፉስታት በሚባለው ቦታ፣ በመካከለኛው ዘመን ከጉጅራት የሄዱ የታተሙ የጥጥ ቁራጮች ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ የዛሬው አጅራክ የቅርብ ዘመዶች ይመስላሉ። ጨርቁ ወደ ግብፅ የወጣው በህንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ነበር። በደጃችን አለፈ ማለት ነው።

አጅራክ ለዘመኑ አለባበስ የሚስማማው ጂኦሜትሪው ስለሆነ ይመስለኛል። አበባ የማይወድ ወንድም ሸሚዝ ያደርገዋል። ከጂንስ ጋር ይሄዳል፣ እንደ ኮት ይሰፋል፣ ስካርፉ ጥቁር ልብስ ላይ ጣል ቢደረግ ይበቃዋል።

ጥልፉስ?

ጥልፍ ውስጥ ስንገባ ልዩነቱ ይሰፋል። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ቺካንካሪንና ዛርዶዚን ነው። እውነቱን ለመናገር የሁለቱ ገዢ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም።

ቺካንካሪ የሉክናው ከተማ ሥራ ነው። በጥንት መልኩ ነጭ ክር በስስ ነጭ ጥጥ ላይ ይጠለፋል። ገራሚው ነገር እሱም የሚጀምረው በማኅተም መሆኑ ነው። ንድፉ በእንጨት ማኅተምና በሚታጠብ ሰማያዊ ቀለም ጨርቁ ላይ ይታተማል። ከዚያ ጠላፊዎቹ፣ አብዛኞቹ ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሴቶች፣ መስመሩን ተከትለው ይጠልፉታል። መጨረሻ ላይ ሲታጠብ ሰማያዊው ይጠፋል። አዲስ ኩርታ (ረዘም ያለ የህንድ ሸሚዝ) ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ምልክት ብታዩ ደንግጣችሁ አትመልሱት፤ መጀመሪያ እጠቡት።

የስፌቱ ዓይነት 32 እንደሆነ ይነገራል። ሦስቱን ማወቅ ለገዢ ይበቃዋል። «ሙሪ» የሩዝ ፍሬ የመሰለች ጉብ ያለች ጥልፍ ናት። «ባኪያ» ከጨርቁ ጀርባ ተጠልፎ በፊት በኩል እንደ ጥላ የሚታይ ነው። «ጃሊ» ደግሞ መረብ ነው፤ ክሩ ሳይቆረጥ በመርፌ ወደ ጎን እየተገፋ ጥቃቅን ቀዳዳ ይከፈታል። ሙሪና ጃሊ የበዛበት ልብስ ጊዜ የበላ ልብስ ነው። ዋጋው ቢወደድ አትገረሙ። ረዘም ባለ ቀላል ስፌት ብቻ የተሸፈነ ልብስ ላይ ግን ያንኑ ዋጋ ሲጠሯችሁ ተከራከሩ።

የቺካንካሪ ችግር ገላ ማሳየቱ ነው። ከውስጥ ገበር ወይም ፔቲኮት ይፈልጋል። ሻጩ ፎቶ ላይ ያለበሰው ገበር ከዋጋው ጋር ይሁን አይሁን ጠይቁ። ሌላው የጨርቁ ነገር ነው። ዛሬ ብዙው የሚጠለፈው ጆርጄት በሚባል ስስ ጨርቅ ላይ ነው። ጆርጄት ፖሊስተር ከሆነ በሙቀት ያፍናል፤ ለዱባይ ወይም ለጅቡቲ አየር አልመክረውም። ጥጥ ይሁን።

ዛርዶዚ ሌላ ዓለም ነው። ጨርቁ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል። ዙሪያውን የተቀመጡት ጠላፊዎች የተጠመዘዘ የብረት ሽቦ፣ ጠፍጣፋ ጭረት፣ ዶቃና ድንጋይ ይሰፉበታል። ድሮ ህንድን ይገዙ ለነበሩት ለሙጋሎች ቤተ መንግሥት በእውነተኛ ወርቅና ብር ይሠራ ነበር። አሁን ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቅብ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ካባ ላይ ያለውን የወርቅ ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ግርማውን ለመረዳት አይቸገርም። ክብደቱም እንደዚያው ነው።

ለሙሽራ፣ ለመልስ፣ ለትልቅ ድግስ ዛርዶዚን የሚያህል የለም። ውሃ ግን አይነካውም። ሽቶ ከተረጨበት ሽቦው ይጠቁራል። ማንጠልጠያ ላይ ከከረመ በራሱ ክብደት ጨርቁን ይጎትተዋል። ስለዚህ በንጹሕ ነጭ ጥጥ ተጠቅልሎ ተጋድሞ ይቀመጣል። ነጠላ ደርቤ እለብሰዋለሁ ለምትሉ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሽቦው የነጠላውን ክር እየያዘ ይስበዋል። ሙሉ ቀሚስ ከመግዛት ጥልፉ አንገትና እጅጌ ላይ ብቻ ያረፈበትን፣ ወይም ትንሽ የእጅ ቦርሳ መግዛት ብልህነት ነው።

የፑንጃቡን ፑልካሪ በአጭሩ ልለፈው። በደማቅ የሐር ክር የተሞላ ሻሽ ነው፤ ያምራል። ክሩ ረጅም ሆኖ ላይ ላዩን ስለሚተኛ ቀለበትና የቦርሳ ዚፕ ይይዘዋል።

የቤንጋሉ ካንታ ግን ከጥልፎቹ ሁሉ የተለየ ነው። ድሮ ያረጁ ሳሪዎች ተደራርበው በተራ የመርፌ ስፌት ይያያዙ ነበር። ስፌቱ ጌጥም ማጠናከሪያም ስለሆነ ልብሱ መታጠብን አይፈራም። አሁን በካንታ ስፌት የተደረቡ ባለ ብሎክ ፕሪንት (በእንጨት ማኅተም የታተሙ) የጥጥ ጃኬቶች ፋሽን ሆነዋል። ፕሪንቱንም ጥልፉንም በአንድ የፈለገ ሰው ይህን ይውሰድ። ለአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ልክ ነው፤ ያሞቃል፣ አይከብድም።

እጅ ነው ወይስ ማሽን?

የሀገራችንን የእጅ ጥልፍ ከማሽን ጥልፍ የምትለይ ሴት የህንዱንም ትለያለች። ልብሱን ገልብጡት። የእጅ ቺካን (ቺካንካሪ) ጀርባው ላይ ቋጠሮና ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የተሻገረ ክር አለው። የማሽኑ ጀርባ በታችኛው ክር ወጥ ሆኖ የታሰረ ነው፤ ሁሉም ቅጠል አንድ ዓይነት ነው።

ብሎክ ፕሪንት ላይ ደግሞ ማኅተም ከማኅተም የሚገናኝበትን ቦታ ፈልጉ። እዚህ ጋ ትንሽ ተደራርቦ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ተራርቆ ታገኙታላችሁ። ፋብሪካዎች አሁን ይህንንም ስህተት አስመስለው ያትማሉ። ማጋለጫው ቀላል ነው፤ የውሸቱ ስህተት በየተወሰነ ርቀት ያው ራሱ ይደገማል። የእጁ ግን አይደገምም። ቀለሙ ወደ ጀርባው ምን ያህል እንደዘለቀም እዩ። ዲጂታል ፕሪንት ጀርባው ነጭ ይሆናል።

የብራንድ ስም ማረጋገጫ አይሆንም። የፈረንሳዩ ፋሽን ቤት ዲዮር እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ሙምባይ ውስጥ፣ ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ ሐውልት ፊት፣ ትርዒት ሲያቀርብ ጥልፉን የሠሩት የሙምባዩ ጥልፍ ድርጅት የቻናክያ ባለሙያዎች እንደሆኑ በግልጽ ተነግሯል። በአንጻሩ የህንዱ ዲዛይነር ሳብያሳቺ እ.ኤ.አ. በ2021 ከስዊድኑ የልብስ ኩባንያ ኤች ኤንድ ኤም ጋር ያወጣው ስብስብ የህንድን የእጅ ፕሪንት መልክ ይዞ በፋብሪካ የተመረተ ነበር። የእጅ ሥራ ድርጅቶች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ተቃወሙ፤ መልኩ ሲሸጥ የእጅ ባለሙያው የት አለ ብለው። ኢንተርኔት ላይ ስትገዙም «ስታይል» ወይም «ዲዛይን» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። «ቺካን ስታይል» የተባለ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ የማሽን ነው። የጀርባውን ፎቶ ላኩልኝ በሉ። ሻጩ ካልላከ እለፉት።

እጥበቱ

የህንድ የታተመ ጥጥ አውሮፓን ያሳበደው ሲታጠብ ቀለሙ ስለማይለቅ ጭምር ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1686፣ እንግሊዝ በ1700 እና በ1721 የሀገራቸውን አምራቾች ለማዳን ሲሉ በሕግ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ያም ሆኖ አዲስ ኢንዲጎ መጀመሪያ ላይ ትርፍ ቀለም ይለቃል። የመጀመሪያዎቹን እጥበቶች ብቻውን፣ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ጠንካራ ኦሞ ውስጥ አይደር፤ በረኪና አይቅረበው። ጥላ ላይ ይሰጣ። ቺካንካሪን በእጅ እጠቡ፣ አትጭመቁት፣ በካውያ በጀርባው በኩል ተኩሱት። ዛርዶዚ ወደ ደረቅ እጥበት ብቻ ይሄዳል። ከመስጠታችሁ በፊት ሠራተኛው የብረት ጥልፍ አጥቦ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ።

ዱባይ ሚና ባዛር፣ ለንደን ሳውዝሆል ወይም ቺካጎ ዴቨን ጎዳና ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሪንቱን በሜትር ገዝቶ ማሰፋት ከተዘጋጀ ልብስ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ሲሆን ጥጡ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ይኮማተር። ቺካንካሪን ግን የተሰፋውን ግዙ፤ ልብስ ሰፊው ጥልፉ መሐል መቀስ ከከተተ ክሩ መተርተር ይጀምራል። ሲጠባችሁ ደግሞ ከመመለሳችሁ በፊት ጎኑን ገልብጣችሁ እዩ። ብዙ የህንድ ኩርታዎች በጎን ስፌታቸው ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተውላቸዋል፤ ሰፊው በቀላሉ ይለቅላችኋል።