ኤል 2000 ቤዝ ጊታር፦ ለወራት ከተጫወትኩበት በኋላ ያለኝ አስተያየት

ቤዝ መሰብሰብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፌንደር ፕሪሲዥን ነው፣ ቀጥሎ ጃዝ ቤዝ፣ ትንሽ ሲቆይ ስቲንግሬይ፣ ጂ ኤንድ ኤል ጋ የሚደርሰው ግን ወይ ሌላውን ጨርሶ ነው ወይ እንደኔ ሌላ ነገር ሲፈልግ ገጥሞት ነው። እኔ ፕሪሲዥንም ስቲንግሬይም አለኝ፣ ሶስተኛው የጂ ኤንድ ኤሉ ኤል 2000 ሆነና ይኸው ወራት አለፉ፣ ልምምድ ላይም መድረክ ላይም ቀረጻ ላይም ይዤው ገብቻለሁ፣ ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ ማውራት እችላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የተጻፈ ሪቪው እኔ አላምንም፣ በመጀመሪያው ሳምንት የማያምር እቃ የለም።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ለስራ አንዱን ብቻ ይዘህ ውጣ ብትሉኝ የማነሳው እሱን ነው። ለመልመድ ግን ከሶስቱ ረጅም ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው።

ወደ እቃው ከመግባቴ በፊት ታሪኩን ልበል፣ ምክንያቱም ሶስቱንም ያመጣቸው አንድ ሰው ነው፣ ሰውየውን ካላወቃችሁ ኤል 2000 ለምን እንደዛ ተደርጎ እንደተሰራ አይገባችሁም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሊዮ ፌንደር 1909 የተወለደ ካሊፎርኒያዊ ነው፣ የተማረው ሂሳብ አያያዝ፣ የሚወደው ሬዲዮ፣ 1938 ላይ ፉለርተን በምትባል ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ከፈተ፣ ሙዚቀኞች የተበላሸ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ይዘውለት ሲመጡ ሲመጡ በዛው ወደ ጊታር ገባ። የሚገርመው ጊታር አይጫወትም፣ መቃኘትም አይችልም ነበር። የሰራውን ለሙዚቀኞች ይሰጣል፣ ምን እንዳስቸገራቸው ይጠይቃል፣ ከዛ ተቀብሎ እንደገና ይፈታዋል። የቤዝ ተጫዋች ችግር ደግሞ ያኔ ግልጽ ነበር፣ ኮንትራባሱ ግዙፍ ነው፣ ማጓጓዙ ራሱ ጣጣ ነው፣ ከበሮና ጡሩምባ ሲበዛ ይዋጣል፣ ፍሬት (አንገቱ ላይ ኖታውን የሚለይ የብረት መስመር) ስለሌለው ደግሞ ኖታውን ጣት እየፈለገ ነው የሚያገኘው። ሊዮ 1951 ላይ ፍሬት ያለው፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል፣ አምፕ ላይ የሚሰካ ቤዝ አወጣ፣ ፕሪሲዥን ማለት እሱ ነው፣ የክሩን ርዝመት 34 ኢንች (86 ሴንቲ ሜትር ገደማ) አደረገው፣ ዛሬም አብዛኛው ቤዝ የሚሰራው በዛው ልክ ነው። ከሱ በፊት ማንም አልነበረም የሚሉ አሉ፣ ልክ አይደሉም፣ ሲያትል ውስጥ ፖል ታትማርክ የሚባል ሰው በ1930ዎቹ ኦዲዮቮክስ በሚል ስም ፍሬት ያለው ኤሌክትሪክ ቤዝ ሰርቶ ሸጧል፣ ገበያው አልቀናውም እንጂ፣ ዛሬ የተረፉት ጥቂት ናቸው፣ አንዱን በአይኔ ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ሊዮ ልመለስ። ፕሪሲዥን ላይ አሁን የምናውቀው ለሁለት የተከፈለው ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) የመጣው 1957 ነው፣ ጃዝ ቤዝ 1960፣ ከዛ ሰውየው ታመመ፣ የማይለቅ የሳይነስ ኢንፌክሽን፣ መሞቴ ነው ብሎ ሰጋና ጥር 1965 ላይ ድርጅቱን ሲቢኤስ ለሚባለው የአሜሪካ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ትንሽ ቆይቶ ሀኪም ቀየረና ዳነ! ዳነ፣ ስራው አለ፣ ጭንቅላቱ አለ፣ ጊታር ላይ የሚለጠፈው ስሙ ግን የሱ አይደለም። በኋላ የድሮ ሰራተኞቹ ፎረስት ዋይትና ቶም ዎከር ካቋቋሙት ድርጅት ጋር ገባ፣ ሚዩዚክ ማን የሚለው ስም የወጣለት 1974 ነው፣ 1975 ላይ ሊዮ ፕሬዚደንት ሆነ፣ 1976 ስቲንግሬይ ወጣ። ስቲንግሬይን ልዩ ያደረገው ቤዙ ሆድ ውስጥ ያለው በ9 ቮልት ባትሪ የሚሰራ ፕሪአምፕ (ድምፁን አምፑ ጋ ሳይደርስ ቀድሞ የሚያጎላ ነገር) ነው። ከሱ በፊት አሌምቢክ የሚባል ድርጅት አክቲቭ (ፕሪአምፕ ያለው) ቤዝ ይሰራ ነበር፣ ግን በጥቂቱ በእጅ የሚሰራ ውድ እቃ ነው፣ በብዛት እየተመረተ ተራው ሙዚቀኛ እጅ የገባው ስቲንግሬይ ነው። እዛም ቤት ደግሞ አልተስማሙም፣ ሊዮ ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ሆኖ ጂ ኤንድ ኤልን መሰረተ (ጆርጅና ከተማዋ ሞክሼ የሆኑት እንዲያው በአጋጣሚ ነው)፣ ሚዩዚክ ማንን ደግሞ 1984 ላይ ኤርኒ ቦል ገዛው። ኤል 1000 እና ኤል 2000 የወጡት 1980 ነው። ሊዮ 1991 ላይ እስኪሞት ድረስ የሰራው እዛ ነው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ ይፈታታ ነበር።

እንግዲህ ኤል 2000ን ስትይዙት ይሄ ሁሉ እጃችሁ ላይ ነው። ሁለት ትልልቅ ሃምበከር (በሁለት ጥቅል ሽቦ የሚሰራ፣ ጉምጉምታ የሚያጠፋ) ፒካፕ አለው፣ ኤም ኤፍ ዲ ይሏቸዋል፣ የሊዮ የራሱ ዲዛይን፣ በየክሩ ስር ያሉት ብረቶች በአለን ቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላሉ። ሶስት ኖብ፣ ቮልዩም፣ ባስ (ወፍራሙ ድምፅ)፣ ትሬብል (ቀጭኑ)። ከዛ ሶስት ትንንሽ ስዊቾች፣ አንዱ ፒካፕ መምረጫ፣ አንዱ ሲሪስና ፓራለል መቀየሪያ (የፒካፑ ሽቦዎች ተከታትለው ወይ ጎን ለጎን እንዲያያዙ የሚያደርግ)፣ አንዱ ደግሞ ፕሪአምፑን ማጥፊያ፣ ማብሪያና ትሬብል መጨመሪያ። ጓደኛዬ ድራመር ነው፣ መጀመሪያ ሲያየው "ይሄ ሁሉ ማብሪያ ማጥፊያ ምን ሊያደርግልህ ነው፣ አውሮፕላን ልታስነሳ ነው እንዴ" አለኝ፣ እውነቱን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘፈን በተቀየረ ቁጥር ስዊች ስነካ ነው ያለፉት፣ ለእኔ ጥሩ የመሰለኝ ድምፅ ባንዱ ሲገባ ይጠፋል፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን የሚገርም የነበረው ትሬብል መጨመሪያ ከሲምባሉ ጋር ይጣላል።

አሁን የምጠቀምበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፦ ሁለቱም ፒካፕ፣ ፓራለል፣ ፕሪአምፑ ጠፍቶ፣ ትሬብሉ ትንሽ ቀንሶ። አዎ ጠፍቶ። እነዚህ ፒካፖች ጉልበታቸው ከባድ ነው፣ ያለ ባትሪም አምፑን ይሞሉታል፣ ከፕሪሲዥን ነቅላችሁ እሱን ስትሰኩ ጌይኑን (አምፑ የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን) ካልቀነሳችሁ አምፑ ይንጫጫል፣ ሳውንድ የሚሰራው ልጅም ቀና ብሎ ያያችኋል። ኖቦቹም እንደ ስቲንግሬይ የሚጨምሩ አይደሉም፣ ሙሉ ተከፍቶ ያለውን ነው የሚቀንሱት፣ ይሄ ሲገባኝ ነው ቤዙ የገባኝ፣ ባሱን ስትቀንሱ ድምፁ አይሳሳም፣ ጭቃው ይወጣና ጣታችሁ ይሰማል። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት መምታት) ሲያምረኝ ብሪጅ (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት ብረት) ጋ ያለውን ፒካፕ ብቻ አድርጌ አክቲቩን አበራለሁ፣ ያኔ ወደ ስቲንግሬይ ይጠጋል፣ ይጠጋል እንጂ አይሆንም፣ የስቲንግሬይ ፒካፕ የተቀመጠበት ቦታ ሌላ ነው፣ ስቲንግሬይ የሚፈልግ ሰው ስቲንግሬይ ይግዛ።

ቀረጻ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ለአንድ ቀስ ያለ ዘፈን ፍላትዋውንድ (ላዩ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነ) ክር አስገባሁበት፣ አንገት ጋ ያለውን ፒካፕ ብቻ፣ ፓሲቭ (ፕሪአምፑ ጠፍቶ)፣ ትሬብሉ ከግማሽ በታች። ሰዉ ፕሪሲዥን መስሎት ነበር። ታዋቂው ቤዝ ተጫዋች ጀምስ ጀመርሰን ሞታውን የሚባለው የሙዚቃ ድርጅት ውስጥ ሲጫወት በ1962ቱ ፕሪሲዥን ላይ ፍላትዋውንድ ነበር የሚጠቀመው፣ ክሩም ካልተበጠሰ አይቀየርም ነበር ይባላል፣ ያንን ያረጀ ወፍራም ድምፅ በአዲስ ክር በአንድ ቀን አታመጡትም፣ ግን ሰፈሩ ጋ ደርሻለሁ። ከዛ በኋላ ፍላቱን አላወጣሁትም።

ባትሪን በተመለከተ አንድ የገጠመኝን ላውራ። መድረክ ላይ ነን፣ ዘፈኑ ግማሽ ላይ፣ አክቲቩ በርቷል፣ በድንገት ድምፁ መሰንጠቅ ጀመረ ከዛ እየቀጠነ ሄደ። ባትሪው ማለቁ ነው። በአውራ ጣቴ ስዊቹን ወደ ፓሲቭ መለስኩት፣ ቀጠልን፣ ከባንዱ ማንም አላወቀም። ፕሪአምፑን ማለፊያ የሌለው አክቲቭ ቤዝ ቢሆን ባትሪው ሲሞት ድምፁም አብሮ ይሞታል፣ ቆማችሁ መፈለግ ነው። እኔ ይሄን ስዊች ነው የሬዲዮ ጠጋኝ ሀሳብ የምለው፣ ተጫዋች የሆነ ሰው ድምፁን ነው የሚያስበው፣ ጠጋኝ ግን ሲበላሽስ ብሎ ነው የሚጀምረው። ለማንኛውም ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ገመዱን ከቤዙ ንቀሉ፣ የሁሉም አክቲቭ ቤዝ ባትሪ የሚያልቀው ጃክ ተሰክቶ ሲያድር ነው።

ብሪጁን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ተራ ብሪጅ ላይ የክሩ መቀመጫዎች ለየብቻቸው ናቸው፣ እዚህ ግን በጎን በኩል አንዲት ትንሽ አለን ብሎን አለች፣ ስትጠብቅ አራቱንም አንድ ላይ ታጣብቃቸዋለች። የብሪጁ ሆድ ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ቁመቱን ስታስተካክሉ መጀመሪያ ብሎኗን ማላላት ነው፣ ከዛ መልሶ ማጥበቅ። በነዚህ ወራት ሁሉ አክሽኑ (የክሩ ከፍታ) ንቅንቅ አላለም።

ክር ስቀይር አንገቱንም ፈትቼ አየሁት፣ ሰብሳቢ ነኛ፣ ሳልፈታ አላድርም። ተረከዙ ላይ የተሰራበት ቀን በማህተም ታትሟል፣ አካሉ ላይ አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥም እንደዛው፣ ሁለቱ በሳምንታት ነው የሚለያዩት፣ ስለዚህ አንገቱ ከሌላ ቤዝ የመጣ አይደለም። ሌላም ነገር ታያላችሁ፣ አንገቱ መሀል ላይ በቁመቱ የምትሄድ የፀጉር ያህል የቀጠነች መስመር አለች፣ ስንጥቅ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ። ሊዮ አንገቱን በቁመት ለሁለት ይቆርጠውና ለትረስ ሮዱ (አንገቱ እንዳይጎብጥ ውስጡ ለሚገባው ብረት) ቦይ አውጥቶ መልሶ ያጣብቀዋል፣ ቀደም ባሉት ላይ የሚገኝ አሰራር ነው፣ አዳዲሶቹ ላይ የለም። አሮጌ የአሜሪካ ቤዝ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ኖቦቹ ስር ያለውን ፖት (ኖቡ የሚያዞረውን ክፍል) ገልብጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ፣ በ137 ከጀመረ የሲቲኤስ ነው፣ በ304 ከጀመረ ስታክፖል፣ ሁለቱም ፖት ሰሪዎች ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ያሉት አሃዞች ዓመቱንና ሳምንቱን ይነግሯችኋል። ፖቱ ካልተቀየረ በቀር ቤዙ ከፖቱ በኋላ ሊሰራ ይችላል፣ በፊት ግን አይሰራም። ሻጭ "የ1974 ነው" ሲላችሁ ፖቱ 1978 ካለ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ክብደቱን አልደብቅም፣ የኔው አሽ እንጨት ነው፣ ከአራት ኪሎ ተኩል ያልፋል፣ ሁለት ሰዓት ቆሞ መጫወት ትከሻ ይፈልጋል። መጀመሪያ የገዛሁት ማንጠልጠያ ቀጭን ነበር፣ የማንም ስም አልጠራም፣ ስፌቱ ተተርትሮ ቤዙን ልጥለው ነበር፣ አሁን ሰፊ ቆዳ ነው የማደርገው፣ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ጀርባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ግን ሌላ ፈልጉ፣ ሆፍነር 500/1 የሚባለው ቤዝ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ላባ ነው፣ አንገቱም አጭር ነው፣ ድምፁ ግን ፈጽሞ ሌላ ዓለም ነው።

ለመሰብሰብ ብቻ ለምትገዙ የምለው፣ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የወጡት ሊዮ ራሱ በህይወት እያለ ከዛው ቤት የወጡ ናቸው፣ ግን ሰዉ አሁንም የሚሻማው በሲቢኤስ ዘመን ፌንደር ነው፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ በተሰራው ማለት ነው። ለኛ ተመቸን። አሮጌ ስታገኙ ሶስቱንም ስዊች አንድ በአንድ እየቀያየራችሁ አድምጡ፣ ከቆዩ ይንኮሻኮሻሉ፣ ማጽጃ ስፕሬይ ሲነፋባቸው ብዙ ጊዜ ይስተካከላሉ፣ ፒካፑ ላይ ያሉት ብረቶች ደግሞ ከመጠን በላይ ተነስተው ከሆነ ድምፁን ሳትፈርዱበት መጀመሪያ ዝቅ አድርጓቸው። የኔን የበፊቱ ባለቤት ክሩ ሊነካ እስኪደርስ አንስቷቸው ነበር፣ ዝቅ ሳደርጋቸው ሌላ ቤዝ ሆነ።